ለእያንዳንዱ ታርጌት የራሱን ፍላግ ስጡት

ውድ ወጣት ፕሮግራመሮች፣

ታርጌት ከፕሮጀክቱ የሚሠራ እያንዳንዱ ፕሮግራም ወይም ላይብረሪ ነው፤ ፍላግ ደግሞ ለኮምፓይለሩ የሚሰጥ አማራጭ። በአንድ ፕሮጀክት ውስጥ ዋናው ፕሮግራም በ-ኦ3 (ለፍጥነት በከፍተኛ ደረጃ አመቻችቶ)፣ የቴስቱ ፕሮግራም ግን በ-ኦ0 (ሳያመቻች) እና በ-ጂ (የዲባግ መረጃ ጨምሮ) ኮምፓይል እንዲደረግ ስትፈልጉ፣ የወጣላችሁን ሜክፋይል (የግንባታውን ትእዛዞች የያዘውን ፋይል) ከፍታችሁ አትነካኩ። የጻፈው ሜክፋይል የሚያወጣው መሣሪያ፣ ሲሜክ ወይም አውቶሜክ ነው፤ ደግሞ ሲሠራ እርማታችሁን ደምስሶ እንደ አዲስ ይጽፈዋል። እርማቱ መግባት ያለበት ሜክፋይሉ ከሚወጣበት ፋይል ላይ ነው።

በሲሜክ ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ጋ ነው፦ ሲሜክ_ሲኤክስኤክስ_ፍላግስ የሚባለውን ቫሪያብል ሞልቶ የመጀመሪያውን ታርጌት ይፈጥራል፤ ከዚያ ቫሪያብሉን ቀይሮ ሁለተኛውን ይፈጥራል። ከላይ ወደ ታች ሲነበብ ትክክል ይመስላል። ሲሜክ ግን ቫሪያብሉን የሚወስደው የዳይሬክቶሪው ፋይል ተነብቦ ሲያልቅ ስለሆነ፣ ሁለቱም ታርጌቶች የመጨረሻውን ይይዛሉ። አንድም የስህተት መልእክት አይወጣም። ትክክለኛው መንገድ ታርጌት_ኮምፓይል_ኦፕሽንስ ነው፤ በቅንፉ ውስጥ የታርጌቱን ስም፣ ቀጥሎ ፕራይቬት፣ ቀጥሎ ፍላጎቹን ጻፉ።

የፍላጎቹን ቅደም ተከተልም እወቁ። በትእዛዙ መስመር ላይ መጀመሪያ የጋራው፣ ቀጥሎ የቢልድ ዓይነቱ፣ መጨረሻ ላይ የታርጌቱ ፍላግ ይመጣል። ጂሲሲና ክላንግ የሚባሉት ኮምፓይለሮች ከብዙ የ-ኦ ደረጃዎች የመጨረሻውን ስለሚይዙ የእናንተ -ኦ0 ያሸንፋል። የሚረሳው ሌላው ነው። ሪሊዝ የሚባለው የቢልድ ዓይነት በጂሲሲ ከ-ኦ3 ጋር -ዲኤንዲባግን (አሰርት የሚባሉትን በኮድ ውስጥ ያሉ ፍተሻዎች የሚያጠፋውን ፍላግ) ይዞ ይመጣል፤ -ኦ0 ይህን አያነሳውም። ስለዚህ በቴስቱ ውስጥ ያሉት አሰርቶች በሙሉ ጠፍተው ቴስቱ «አለፈ» ይላል። ለዚያ ታርጌት ይህን የሚሽረውን -ዩኤንዲባግን ጨምሩበት። ይህን የምለው በጣም አጥብቄ ነው፤ ምንም የማይፈትሽ ቴስት ጨርሶ ቴስት ካለመኖሩ ይብሳል።

ፕራይቬት ወይስ ፐብሊክ? ፕራይቬት ለታርጌቱ ብቻ ነው፤ ፐብሊክ ታርጌቱን ለሚጠቀሙትም ይተላለፋል። እንደ -ደብሊውኦል ያሉ የማስጠንቀቂያ ፍላጎች ምንጊዜም ፕራይቬት ይሁኑ፤ ላይብረሪያችሁን የሚጠቀም ሰው የእናንተ ጥብቅነት አይመለከተውም። በሄደር ውስጥ የስትራክትን ይዘት የሚቀይር ማክሮ ግን በታርጌት_ኮምፓይል_ዴፊኒሽንስ ፐብሊክ መሆን አለበት። ያለዚያ ላይብረሪው ስትራክቱን 24 ባይት፣ ፕሮግራሙ 16 ባይት አድርጎ ያየዋል። ሊንክ ያለ ችግር ያልፋል፤ ፕሮግራሙ ሲሮጥ ሜሞሪው ይበላሻል፤ ምክንያቱን መፈለግም አድካሚ ነው።

የሜሞሪ ስህተቶችን የሚይዘውን -ኤፍሳኒታይዝ=አድሬስ ለኮምፓይል ብቻ መስጠት አይበቃም፤ ሊንክ ሲደረግም ያስፈልጋል። ከሲሜክ 3.13 ጀምሮ ለዚህ ታርጌት_ሊንክ_ኦፕሽንስ አለ።

አውቶሜክ ሌላ ጠባይ አለው። ፕሮግራማችሁ ቴስት ከተባለ ቴስት_ሲፍላግስ ብላችሁ ትጽፋላችሁ፤ ይህ ግን የሁሉም ታርጌቶች የጋራ የሆነውን ኤኤም_ሲፍላግስን ይተካዋል እንጂ አይጨመርበትም። የጋራውን ከፈለጋችሁ እዚያው ውስጥ መልሳችሁ ጥሩት። በተጨማሪም ሲፍላግስ የተጠቃሚው ድርሻ ስለሆነ መጨረሻ ላይ ይመጣል፤ በጂሲሲ ካልተሞላ ደግሞ ኮንፊገር (ከግንባታው በፊት የሚሮጠው የማዘጋጃ ስክሪፕት) ራሱ -ጂ -ኦ2 ይሞላዋል። ለታርጌቱ የጻፋችሁት -ኦ0 የሚሸነፈው በዚህ ነው። ኮንፊገር በሚወጣበት ፋይል፣ በኮንፊገር ዶት ኤሲ ውስጥ፣ የሲ ኮምፓይለሩ ከመፈለጉ በፊት፣ ተጠቃሚው ካልሞላው ሲፍላግስ ባዶ እንዲሆን አድርጉ፤ ደረጃዎቹን ከዚያ በየታርጌቱ ስጡ።

ኮምፓይለሩ የደረሰውን ትእዛዝ በዓይናችሁ ሳታዩ አትመኑ። በሲሜክ ሜክን በቨርቦዝ=1፣ በአውቶሜክ በቪ=1 አስሩጡት፤ ሲሜክ በየታርጌቱ ማኅደር ውስጥ ፍላግስ ዶት ሜክ የሚባል ፋይልም ያስቀምጣል። ፍላግ ስትቀይሩ የሲሜክ ሜክፋይል የሚመለከታቸውን ኦብጀክቶች ራሱ እንደገና ይሠራል። በአውቶሜክ ግን መጀመሪያ ሜክ ክሊን በሉ፤ ካላላችሁ የቆዩት ኦብጀክቶች በድሮው ፍላግ እንደተሠሩ ሊንክ ይደረጋሉ።