ኢስታንቡል ለልብስ ንግድ ለምትሄጂው እህቴ፦ መጀመሪያ ቁጥሩን ልመጂ

«በሚቀጥለው ወር ለመጀመሪያ ጊዜ ኢስታንቡል እሄዳለሁ፣ ለገበያ የሚሆኑ የቱርክኛ ቃላት ንገሩኝ፣ ወይስ እንግሊዝኛ ይበቃኛል?» ብለሽ የጠየቅሽው እህቴ፣ ከላይ በኮሜንት «ስልክሽ ይተረጉምልሻል፣ አትጨነቂ» ያሉሽን አትስሚያቸው። ወይ ሄደው አያውቁም፣ ወይ የሄዱት ለሽርሽር ነው።

እንግሊዝኛ ሱልጣን አህመድ አካባቢ ፎቶ ለሚነሳ ሰው ይበቃል። አንቺ ግን ለሱቅሽ ዕቃ ልታመጪ ነውና የምትገቢው ላሌሊ ነው። ላሌሊ የሻንጣ ነጋዴ ያቆመው ሰፈር ነው። ሶቭየት ኅብረት ከፈረሰች በኋላ ከዚያ አገር የመጡ ሴቶች ናቸው በሻንጣ ጭነው ጭነው ያሳደጉት። ስለዚህ ብዙዎቹ ሻጮች ሩሲያኛ ይቀናቸዋል፣ ቀጥሎ ዓረብኛ። ቤሩት ወይ ጅዳ ሠርተሽ ዓረብኛ ካለሽ ግማሹን መንገድ ጨርሰሻል። ከሌለሽ እንደ እኔ በቱርክኛ መፍጨርጨር ነው።

በቁጥር ላስቀምጥልሽ።

1. ቁጥር። ሰላምታው ይቆይሽ። ቢር፣ ኢኪ፣ ኡች፣ ዶርት፣ ቤሽ፣ አልቲ፣ ዬዲ፣ ሴኪዝ፣ ዶኩዝ፣ ኦን። ይሄ እስከ አስር ነው። ከዚያ በላይ እንደ እኛው ነው የሚሄደው፤ ኦን ኢኪ አሥራ ሁለት፣ ኦን ቤሽ አሥራ አምስት። ይርሚ 20፣ ኦቱዝ 30፣ ኪርክ 40፣ ኤሊ 50፣ ዩዝ 100፣ ቢን 1000። የሚያምታቱትን ለይተሽ ያዢ። አልቲ 6 ነው፣ አልትሚሽ 60። ዬዲ 7፣ ዬትሚሽ 70። ዶኩዝና ኦቱዝ ደግሞ በችኮላ ሲነገሩ ይመሳሰላሉ፣ አንዱ 9 ሌላው 30 ነው። «ቡቹክ» ከጨመረበት ተኩል ማለቱ ነው፤ ዶኩዝ ቡቹክ ዘጠኝ ተኩል።

መቁጠር መቻል ብቻውን አይጠቅምሽም። ሰው ሳያስበው ሲጠራው ጆሮሽ ላፍ ማድረግ አለበት። ዩቲዩብ ከፍተሽ ሽንኩርት እየከተፍሽ ስሚው። እኔ እንደዚያ ነው የለመድኩት፣ ቤተሰቡ «ይቺ ልጅ ምን ነካት» እስኪል ድረስ።

«ካልኩሌተር ላይ ጽፈው ያሳዩኛል» ትዪ ይሆናል። ያሳዩሻል። ግን ከመጻፋቸው በፊት ሻጩና ይዘሽው የሄድሽው ሰው የተባባሉትን ካልኩሌተሩ አይነግርሽም።

ይሄን ያልኩሽ በምክንያት ነው። ጓደኛዬ አንድ እዚያ የሚኖር ሐበሻ አስተርጓሚ አገናኘችኝ። በቀን የሚከፈለውን ተስማማን፤ ምሳውም በእኔ ነበር። አንድ ምድር ቤት ያለ የቀሚስ ሱቅ አስገባኝ። ዕቃው ደስ ይላል፣ ሻይ መጣ፣ ተቀመጥን። አንዱን ቀሚስ አንስቼ «ስንት ነው በለው» አልኩት። ሻጩ ከመስቀያው ቀና ሳይል «ዶኩዝ ዶላር» አለ። የእኛ ሰው ወደ እኔ ዞሮ፣ ፊቱ ላይ ምንም ሳይታይ፣ «አሥራ ሁለት ነው የሚለው፣ እሱም ለአንቺ ብሎ ነው» አለኝ።

ጆሮዬን አላመንኩትም። ብርጭቆዬን አስቀመጥኩና ለሻጩ ራሴ «ዶኩዝ ሙ፣ ኦን ኢኪ ሚ?» አልኩት፤ ዘጠኝ ነው ወይስ አሥራ ሁለት? ሰውየው መጀመሪያ አስተርጓሚውን አየ። ቀጥሎ እኔን አየ። ከዚያ ሳቁን መቆጣጠር አቅቶት «ዶኩዝ፣ አብላ፣ ዶኩዝ» አለኝ። አስተርጓሚዬ ምን አለ መሰለሽ? «ቱርክኛ ከቻልሽ እኔን ለምን አመጣሽኝ?» ብሎ ተቆጣኝ! ይቅርታ መጠየቅ ያለብኝ እኔ ሆንኩ ማለት ነው። በኋላ የቀኑን ሙሉ ከፍዬው ሳለ «ገንዘቤን ከለከለችኝ» ብሎ እንዳስወራብኝ ሰማሁ። ቆጣቢ ነሽ የሚለኝ ካለ ልክ ነው፣ ነኝ።

ሒሳቡን አስቢው። በአንድ ቀሚስ 3 ዶላር ነው። 50 ቀሚስ ብትወስጂ 150 ዶላር ሳታውቂው ከኪስሽ ወጣ፣ ያውም የቀን አበሉን ሳልቆጥር። አንዳንድ ሱቅ ደንበኛ ላመጣ ሰው ኮሚሽን ይሰጣል፣ እሱንም ዋጋሽ ላይ ይጭነዋል። ሁሉም አስተርጓሚ እንዲህ ነው አልልም። ሰፈሩን ጠንቅቆ የሚያውቅ፣ በሐቅ የሚሠራ ልጅም አለ። ግን ሐቀኛውንም ሌባውንም የምትለዪው ቁጥር ከሰማሽ ብቻ ነው።

2. ዓረፍተ ነገሩ። ይሄ ቀላል ነው፣ በእንግሊዝኛ አታስቢው እንጂ። ቱርክኛ እንደ እኛ ግሱን መጨረሻ ላይ ነው የሚያመጣው። «ቅናሽ አለ ወይ?» የምትዪውን ቃል በቃል አስቀምጪው፦ ኢንዲሪም ቫር ሚ? ኢንዲሪም ቅናሽ፣ ቫር አለ፣ ሚ ወይ። በዚህ ብቻ ብዙ ነገር ትጠይቂያለሽ። ማቪ ቫር ሚ? ሰማያዊ አለ ወይ? ሲያህ ጥቁር፣ ቤያዝ ነጭ፣ ኪርሚዚ ቀይ ነው። ቡዩክ ቤዴን ቫር ሚ? ትልቅ ሳይዝ አለ ወይ? ይሄን የመጨረሻውን አትርሺ፤ የእኛ አገር ደንበኞች ምን እንደሚሉሽ ታውቂያለሽ።

ዋጋ ለመጠየቅ «ቡ ኔ ካዳር?»፣ የአንዱን ለብቻው ለማወቅ «ታኔሲ ኔ ካዳር?»፣ መጨረሻውን ለመቁረጥ «ሶን ፊያት ኔ?»። ውድ ነው ለማለት «ቾክ ፓሃሊ»። ከዚያ ራስሽ ዋጋ ጥሪና «ኦልሱን» በዪበት፣ ይሁን እንደማለት ነው። «ሴኪዝ ኦልሱን፣ አቢ» ካልሽው ቢያንስ ፈገግ ይላል። አቢ ለወንድ፣ አብላ ለሴት ነው፤ እንደ እኛ «ወንድሜ»፣ «እህቴ»። ላሌሊ ላይ በጅምላ ብዙ ይቀንሱልኛል ብለሽ ግን አትጠብቂ፣ ትንሽ ነው የሚነቃነቀው። እንደ መርካቶ ግማሹን ጠርተሽ ብትጀምሪ ልብሱን ከእጅሽ ተቀብሎ ይሰቅለዋል።

እና ጭንቅላታቸውን ተጠንቀቂ። ቱርክ አገጩን ወደ ላይ አንስቶ፣ ቅንድቡን ሰቅሎ፣ በምላሱ «ጭ» ካደረገ የለም ማለት ነው። እኛ ጋ ቅንድብ ማንሳት «እሺ፣ አዎ» አይደል? አንዷ አብራኝ የሄደች ነጋዴ ቀይ አለ ወይ ብላ ጠይቃ፣ ሰውየው ቅንድቡን ሲያነሳ አዎ ያለ መስሏት ሻይዋን እየጠጣች ቁጭ አለች። እሱ ሌላ ደንበኛ ማስተናገድ ጀመረ። እሷ ደግሞ «ከመጋዘን ሊያመጣ ልጅ ልኮ ነው» ትለኛለች። ዮክ፣ ማለትም የለም፣ የሚለውን ቃል ባይናገሩትም በቅንድባቸው ይሉታል።

3. ሴሪ። በር ላይ ቶፕታን የሚል ከተጻፈ ጅምላ ነው፣ ፔራኬንዴ ችርቻሮ። ጅምላ ሱቅ ውስጥ አንድ ፍሬ አይሸጡልሽም፣ ሴሪ ነው። ሴሪ ማለት የአንድ ሞዴል የተለያየ ሳይዝ አንድ ላይ ታስሮ የሚሸጥበት ነው፣ ለምሳሌ 38፣ 40፣ 42፣ 44። «ሴሪዴ ካች ታኔ ቫር?» በያቸው፣ በሴሪው ስንት ፍሬ አለ ማለት ነው። ከዚያ «ሃንጊ ቤዴንለር ቫር?»፣ የትኞቹ ሳይዞች አሉ። እስኪፈቱልሽ ጠብቂና እዚያው ቁጠሪ። እያንዳንዱን ላስቲክ ገልጠሽ ሳይዙን እዪ፤ ቢገላምጡሽም ግድ የለም። አንዴ ከሱቁ ከወጣሽ «ኢያዴ ዮክ» ነው፣ መመለስ የለም። ይቺን ቃል ብዙ ጊዜ ግድግዳ ላይም ታያታለሽ።

ጨርቁን ስትይዢ «ሬንክ አታር ሚ?» ብለሽ ጠይቂ፣ ቀለሙ ይለቃል ወይ። «ቼኬር ሚ?» ሲታጠብ ይሰበሰባል ወይ። መልሱ ሁሌ አይለቅም፣ አይሰበሰብም ነው፤ ቢሆንም ጠይቂ፣ የምታውቂ ትመስያለሽ። ካፖራ ካሉሽ ቀብድ ነው። ቀብድ ከሰጠሽ ወረቀት ላይ ይጻፍልሽ። ፋቱራም አትርሺ፤ ጉምሩክ ላይ የሚጠየቀው ደረሰኝ እሱ ነው።

ሰላምታው ይቆይሽ ብዬሽ ነበር፣ ሁለቷን ብቻ ያዢ። ስትገቢ «ኮላይ ጌልሲን»፣ የእኛ «በርቱ» ናት። ስትወጪ «ሃይርሊ ኢሽለር»፣ ገበያ ይቅናችሁ። ባትገዢም እንኳ ይቺን ብለሽ ከወጣሽ ነገ ስትመለሺ ያስታውሱሻል።

ጫማ ከሆነ የምትገዢው ቤዴን አይባልም፣ ኑማራ ነው። እሁድ ላሌሊ አብዛኛው ሱቅ ዝግ ነው፣ ግራንድ ባዛር የሚሉት ትልቁ የተሸፈነ ገበያ፣ ካፓሊቻርሺም፣ አይከፈትም፤ ስለዚህ ቅዳሜ ማታ የሚያደርስሽ ቲኬት አትቁረጪ፣ አንድ የሆቴል ቀን በከንቱ ይበላሻል። የካርጎውን ነገር ለብቻው ጠይቂኝ። እሱን አሁን ከጀመርኩት ስድብ ይቀላቀልብኛል።