የኮንፈረንስ ጉዞ ድጋፍ፦ ገንዘቡ የሚለቀቀው መቼ ነው?

እህቴ፣ ጥያቄሽ ባጭሩ ይህ ነው፦ የታሪክ መምህርት ነሽ፤ ዩኒቨርሲቲሽ ልኮሽ ሌላ ቦታ ሦስተኛ ዲግሪ ትማሪያለሽ፤ አሁን ለጥናትሽ መረጃ ለማሰባሰብ ደቡብ ወሎ ወግዲ ነሽ። አውሮፓ ለሚካሄድ የአፍሪካ ጥናት ኮንፈረንስ አብስትራክትሽ (የጥናትሽ አጭር መግለጫ) አልፏል። አዘጋጆቹ «የጉዞ ድጋፍ አለ» ብለዋል። ማንን ልጠይቅ፣ ምንስ ላዘጋጅ? ነው ያልሽው።

ለአዘጋጆቹ ዛሬውኑ ኢሜይል ጻፊ፦ ቲኬቱን እናንተ ትቆርጣላችሁ ወይስ እኔ ቆርጬ በደረሰኝ ትመልሱልኛላችሁ? ብዙ ሰው የድጋፉን መጠን አይቶ ይደሰትና ይህን ሳይጠይቅ ይቀራል። «ድጋፍ» የተባለው ከጉባኤው በኋላ በደረሰኝ የሚመለስ ሊሆን ይችላል፤ በመምህር ደሞዝ ደግሞ የአውሮፓ ቲኬት አስቀድሞ መግዛት የማይታሰብ ነው። ቲኬት፣ ሆቴልና ምዝገባ በቀጥታ እንዲከፍሉ ለምኚ። መጠየቅ ነውር የለውም፤ እምቢ ቢሉም በጊዜ ታውቂዋለሽ።

ከዚያ ዩኒቨርሲቲ። ላኪው «የምትማሪበት ይክፈል» ይላል፣ ተቀባዩ «ደሞዝ የሚከፍልሽ ይክፈል» ይላል፤ ደብዳቤው በሁለቱ መካከል ሲመላለስ ወር ያልፋል። መጀመሪያ ላኪሽ ጋ ሂጂ። ሙሉ ወጪውን ከጠየቅሽ ወዲያው ይመልሱሻል፤ አዘጋጆቹ ያልሸፈኑትን ብቻ፣ ማለትም የአገር ውስጥ ትራንስፖርትና የውሎ አበል ጠይቂ። ደብዳቤውን በእጅሽ ይዘሽ ካልተከታተልሽ መዝገብ ቤት ያድራል።

ቀኑ ላይ ተጠንቀቂ። የመንግሥት በጀት ሰኔ 30 ይዘጋል። በየሁለት ዓመቱ የሚደረገው የአውሮፓ የአፍሪካ ጥናት ጉባኤ ደግሞ አንዳንዴ እዚያው አፋፍ ላይ ይወድቃል፤ የፕራጉ ከሰኔ 18 እስከ 21 ቀን 2017 ዓ.ም. ነበር። ሰኔ ላይ ፋይናንስ የወጣውን ያወራርዳል እንጂ አዲስ ቅድሚያ ክፍያ ማውጣት አይወድም። ጥያቄሽ መጋቢት ላይ ቢገባ ይሻላል። የመስከረም ጉባኤ ሲሆን ችግሩ ሌላ ነው፦ አዲሱ በጀት ሐምሌ 1 ተጀመረ ቢባልም ገንዘቡ እስኪለቀቅ ይዘገያል።

ሁሉም የሚረሳው የአገር ቤቱን መንገድ ነው። የቪዛ አሻራ የምትሰጪው አዲስ አበባ ነው (ባለፉት 59 ወራት ለሸንገን፣ ማለትም ለብዙ የአውሮፓ አገሮች የጋራ ቪዛ፣ ከሰጠሽ እንደገና ላትጠየቂ ትችያለሽ)። በጀትሽ ላይ እንዲህ ብለሽ አስፍሪው፦ «ከወግዲ አዲስ አበባ ደርሶ መልስ ሁለት ጊዜ፣ አንዱ ለአሻራ፣ አንዱ ፓስፖርት ወስዶ ለመብረር፤ አዲስ አበባ አራት ሌሊት ማደሪያ።» የውጭ አገር ገምጋሚ ወግዲን አያውቅም፤ ኪሎ ሜትሩንና በአውቶቡስ የሚፈጀውን ሰዓት ጨምሪበት። ይህ መስመር ከሌለ «ሙሉ ድጋፍ» ያገኘ ሰው ቦሌ ሳይደርስ ይበደራል።

ቪዛው ላይ ክፍያው 90 ዩሮ ነው። ለሳይንሳዊ ጉባኤ የሚሄዱ ተመራማሪዎች ከዚህ ነፃ የሚሆኑበት ድንጋጌ ስላለ ስታመለክቺ አንሺው፤ የማመልከቻ ማዕከሉ የአገልግሎት ክፍያ ግን አይቀርም። የጉዞ ኢንሹራንሱ ሽፋን ቢያንስ 30,000 ዩሮ ይሁን። ከጉዞው ስድስት ወር አስቀድሞ ማመልከት ይቻላል። ለኢትዮጵያውያን የውሳኔው መደበኛ ጊዜ 15 ሳይሆን 45 ቀን ነው፤ ቀጠሮ ማግኘቱ ራሱ ጊዜ ይበላል። ለማመልከቻው የበረራ ቦታ ማስያዣ በቂ ነው፤ ቪዛው ሳይመታ ቲኬት አትክፈዪ።

የግብዣ ደብዳቤው ላይ ስምሽ እንደ ፓስፖርትሽ እስከ አያት፣ ፊደል በፊደል ይጻፍ። አዘጋጆቹ አብስትራክቱ ላይ ያዩትን ሁለት ስም ይገለብጣሉ፤ ቲኬቱም በዚያው ይቆረጣል፣ ከዚያ ማስተካከያው ሌላ ወጪ ነው። በረራን፣ ማደሪያንና ኢንሹራንስን ማን እንደሚከፍል ደብዳቤው ለየብቻ ይጥቀስ። የአገር ቤት ደብዳቤዎችሽ በሁለቱም የዘመን አቆጣጠር ይጻፉ። ከላኪ ዩኒቨርሲቲሽ ጋር የፈረምሽውን የትምህርት ግዴታ ውልም (ተምረሽ ተመልሰሽ ለማገልገል የገባሽውን) አስተርጉመሽ አያይዢ፤ ትመለሳለች ለማለት ከባንክ ሂሳብሽ ይልቅ እሱ ይናገራል።

ስትመለሺ ፋይናንስ የሚጠይቅሽ ቦርዲንግ ፓስ (የአውሮፕላን መሳፈሪያ ወረቀት) ነው፤ የደርሶውንም የመልሱንም አትጣይ። ሸንገን አገሮች የፓስፖርት ማህተምን በኤሌክትሮኒክ ምዝገባ እየተኩ ስለሆነ «ማህተሜን እዩ» ማለት ላይሠራ ይችላል። ስልክ ላይ የመጣውንም ስክሪን ሾት አንሺ፤ ከበረራው በኋላ ከመተግበሪያው ሊጠፋ ይችላል።