ስለ ዋይት ሀውስ የጠየቃችሁኝ፣ ከነመልሱ

ስለ ዋይት ሀውስ ታሪክ ያላችሁን ጥያቄ ላኩልኝ ብዬ ነበር። ጥያቄው ጎረፈ። የቻልኩትን ያህል እነሆ። ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ ነጭ የተቀባው እንግሊዞች ሲያቃጥሉት የጠቆረውን ለመሸፈን ነው ይባላል። እውነት ነው?

አይደለም። እኔም ይህን ወሬ አምኜ ብዙ ዓመት ኖሬያለሁ። ቤቱ የተቃጠለው ኦገስት 24 ቀን 1814 ነው። በኖራ የተለሰነው ግን በ1798፣ ማለትም ከቃጠሎው 16 ዓመት በፊት ነው። ግድግዳው ከቨርጂኒያ የመጣ አሸዋማ ድንጋይ ነው፤ ውሃ ይመጥጣል። የገባው ውሃ በብርድ ወራት በረዶ ሲሆን ድንጋዩን ይሰነጥቀዋል። ኖራው ለዚያ መከላከያ ነበር። ሰዉ "ነጩ ቤት" ማለት የጀመረውም ከቃጠሎው በፊት ነው። ቴዎዶር ሩዝቬልት በ1901 መደበኛ ስሙ አደረጉት።

ጥያቄ፦ ማን ነደፈው? ጆርጅ ዋሽንግተንስ ኖረውበታል?

ነዳፊው ጄምስ ሆባን ነው፤ አየርላንድ ተወልዶ ያደገ፣ ውድድሩን አሸንፎ ሥራውን ያገኘ ሰው። ደብሊን ያለውን የመኳንንት ቤት፣ ሌንስተር ሀውስን፣ አይታችሁ ከሆነ መመሳሰላቸው ወዲያው ይገባችኋል። ያ ቤት ዛሬ የአየርላንድ ፓርላማ ነው። ኒዮክላሲካል የሚባለው ይህ አሠራር የጥንት ግሪክና ሮምን መልሶ ያመጣ ነው፦ ረጃጅም ምሰሶ፣ ግራና ቀኙ እኩል የሆነ ፊት።

ዋሽንግተን ቦታውን መረጡ እንጂ አንድ ሌሊት አላደሩበትም። የመሠረት ድንጋዩ በ1792 ተጣለ፣ እሳቸው በ1799 መጨረሻ ሞቱ። መጀመሪያ የገቡት ጆን አዳምስ ናቸው፣ በኖቬምበር 1800። ቤቱ ገና አላለቀም ነበር። ባለቤታቸው አቢጌይል ዛሬ ትልልቅ ግብዣ በሚደረግበት የምሥራቅ አዳራሽ ውስጥ ልብስ ያሰጡ ነበር።

ጥያቄ፦ ባሪያዎች ናቸው የሠሩት ይባላል። እዚህ የተወለደችው ልጄ ጠይቃኝ መልስ አጣሁ።

እህቴ፣ ጥሩ ጠይቃሻለች፤ ሳትሸፋፍኚ ንገሪያት። አዎ፣ ባሪያዎች ሠርተውበታል። ብቻቸውን ግን አልነበሩም፤ የስኮትላንድ ድንጋይ ጠራቢዎች፣ የአውሮፓ ስደተኞችና ነፃ ጥቁሮችም ነበሩ። ባሪያዎቹ ድንጋይ ፈልጠዋል፣ ሸክላ ሠርተዋል፣ እንጨት ሰንጥቀዋል፣ አናጢም ነበሩ። የደመወዝ መዝገቡ ዛሬም አለ። ፒተር፣ ቤን፣ ሃሪ፣ ዳንኤል የሚሉ ስሞች ተጽፈውበታል። የአባት ስም የላቸውም። ከፊሎቹ የራሱ የነዳፊው የሆባን ባሪያዎች ነበሩ። የላባቸው ዋጋ የሚከፈለው ለጌቶቻቸው ነበር። ስለዚህ ቤት ሲወራ ከፕሬዝዳንቶቹ እኩል መነሳት ያለባቸው እነዚህ ሰዎች ናቸው ብዬ አምናለሁ።

ጥያቄ፦ ሲቃጠል የያኔው ፕሬዝዳንት ሚስት ዶሊ ማዲሰን የዋሽንግተንን ሥዕል ይዛ ሸሸች የሚባለውስ?

ሥዕሉ እንዲድን ያዘዘችው እሷ ናት። ከግድግዳ ያወረዱት ግን ሌሎች ናቸው። ይህን የነገረን ፖል ጄኒንግስ ነው፤ ያኔ በቤቱ የሚያገለግል የ15 ዓመት ባሪያ ነበር። በኋላ ነፃነቱን አግኝቶ ትዝታውን ጻፈ። በረኛውና አትክልተኛው አወረዱት ይላል። ሥዕሉ ዛሬ የምሥራቅ አዳራሽ ውስጥ ተሰቅሏል። የቃጠሎው ጥላሸት ደግሞ በሰሜኑ በር ሥር ባለው የድንጋይ ቅስት ላይ ሳይቀባ ቀርቶ እስካሁን ይታያል።

ጥያቄ፦ ታዲያ ዛሬ የምናየው የድሮው ቤት ነው?

የውጩ ግድግዳ አዎ። ውስጡ ግን አይደለም። በ1948 ቤቱ ሊወድቅ ደርሶ ነበር። የያኔው ፕሬዝዳንት የትሩማን ልጅ የምትጫወትበት ፒያኖ እግሩ ወለሉን በስቶ ገባ። ቤተሰቡ ማዶ ወዳለው ብሌር ሀውስ ወጣ። ከዚያ ውስጡን ሙልጭ አድርገው አወጡት፤ ቡልዶዘር ሳይቀር በባዶው ግድግዳ መሃል ይሠራ ነበር። አዲስ የብረት አጽም አቁመው በ1952 ጨረሱ። ዛሬ 132 ክፍልና 35 መታጠቢያ ቤት አለው። በኦክቶበር 2025 ደግሞ የምሥራቁ ክንፍ ለግብዣ አዳራሽ ተብሎ ፈረሰ። እኔን አሳዝኖኛል።

ጥያቄ፦ ጃንሆይ ገብተውበታል?

ብዙ ጊዜ። በ1954 አይዘንሃወር፣ በኦክቶበር 1963 ኬኔዲ ተቀብለዋቸዋል። ሁለት ወር ሳይሞላ ለኬኔዲ ቀብር ተመልሰው መጡ። ከዋይት ሀውስ ተነስቶ በእግር አስከሬኑን ከሸኘው ሕዝብ መሃል፣ ከፈረንሳዩ ፕሬዝዳንት ከደ ጎል አጠገብ ይታያሉ።

ጥያቄ፦ በሚቀጥለው ወር ዲሲ እመጣለሁ። ከውጭ ምን ልይ?

በላፋዬት ፓርክ በኩል ና፣ ወንድሜ። አጥሩ ጋ ቆመህ የስልክህን ካሜራ ወደ ሰሜኑ በር አቅርብ። ከበሩ በላይ ድንጋዩ ላይ የተቀረጸ የአበባ ጉንጉን አለ። ጽጌረዳዎቹን እያቸው፤ ስኮትላንዳውያኑ ጠራቢዎች የአገራቸውን ጽጌረዳ ነው የቀረጹት።