ከድሬ ወደ ባሕር፦ ከቦታው በፊት ወሩን ምረጪ

እህቴ፣ ጥያቄሽን አነበብኩት። ክረምት ላይ ትምህርት ሲዘጋ ሁለት ልጆችና አማትሽን ይዛችሁ ከድሬ ወደ ጅቡቲ ልትሄዱ አስባችኋል። ልጆቹ ባሕሩንም አራዊቱንም በአንድ ጉዞ እንዲያዩ ፈልገሻል። አንዳንዱ ደግሞ «የኬንያው ሞምባሳ ይሻላል» እያለ ግራ አጋብቶሻል። እኔ ሁለቱንም ከልጆች ጋር ስላየሁት ረዘም አድርጌ ልጻፍልሽ።

ከቦታው በፊት ወሩን ወስኑ። ሌላው ሁሉ ከዚያ በኋላ ራሱ ይመጣል።

ክረምት ላይ ልጅና አዛውንት ይዞ ጅቡቲ መሄድ አይሆንም። «እኛ ድሬዎች ሙቀት ለምደናል» እንዳትይኝ። የእኛ ሙቀት ማታ ይለቅሻል፤ ደጅ ላይ ምንጣፍ አንጥፈሽ ንፋስ ትቀበያለሽ። ጅቡቲ ግን ሐምሌ ላይ ቀኑ ከ40 ዲግሪ ያልፋል፣ ሌሊቱም ከ30 ብዙ አይወርድም። በዚያ ላይ ከበረሃው አቧራ ተሸክሞ የሚመጣ ካምሲን የሚሉት ትኩስ ነፋስ አለ። ምስክር ከፈለግሽ ሐምሌና ነሐሴ እዚሁ ድሬ፣ ከዚራ ሰፈር ወጣ በይ። የጅቡቲ ቤተሰቦች ራሳቸው ሙቀቱን ሸሽተው እኛ ዘንድ ይመጣሉ። እነሱ የሚሸሹበትን ወር እናንተ ለመዝናኛ አትምረጡት።

ጉዞውን ወደ ገና ወይም ወደ ጥር መጨረሻው የግማሽ ዓመት ዕረፍት ብትገፉት ግን ሌላ አገር ነው የምታዩት። ጥር ላይ ቀኑ 29 ዲግሪ ገደማ ነው፤ ማታ ቀለል ያለ ሹራብ የምትፈልጊበት ጊዜም አለ። ልጆቹን የሚያስደንቀው እንስሳም የሚመጣው ያኔ ነው።

ያ እንስሳ ዌል ሻርክ ነው። በዓለም ላይ ካሉ ዓሦች ሁሉ ትልቁ እሱ ነው። ከኅዳር እስከ ጥር መጨረሻ ባለው ጊዜ ታጁራ ባሕረ ሰላጤ ውስጥ፣ አርታ ባሕር ዳርቻ አካባቢ ይሰበሰባል። የሚመጣው ምግብ ፍለጋ ነው። በዚያ ወቅት ነፋሱ ሲለወጥ ባሕሩ ውስጥ ጥቃቅን ነፍሳት ይበዛሉ፤ እሱም አፉን ከፍቶ እነሱን እያጣራ ይውጣል። ሰው አይነካም። ጅቡቲ የሚታዩት አብዛኞቹ ገና ጎረምሶች ናቸው፤ ርዝመታቸው ከ3 እስከ 6 ሜትር ቢሆን ነው። ግን 5 ሜትር የሚሆን ዓሣ ከጀልባሽ ጎን ሲያልፍ ምን እንደሚመስል ልንገርሽ። መጀመሪያ ውኃው ላይ ጥላ ታያለሽ። ከዚያ ጀርባው ላይ ያሉት ነጫጭ ነጠብጣቦች አንድ በአንድ ይለያሉ። ከዚያ ያ ሰፊ አፍ። የእኔ ትንሿ ልጅ ጀልባውን በሁለት እጇ ጨብጣ፣ ትንፋሿን ውጣ ነበር የምታየው።

ዋና የማይችል ልጅ ውኃ ውስጥ አይግባ፣ ከጀልባው ላይ ይይ። ይበቃዋል። የሚችለው ከገባ ቢያንስ ከሰውነቱ 3 ሜትር፣ ከጭራው 4 ሜትር ይራቅ። አይንኩት፣ አይክበቡት፣ ፍላሽም አይብራበት። ይህን የማያስከብር ባለጀልባ ካጋጠማችሁ ሌላ ፈልጉ። እንስሳውን በሞተር ያሳደዱት እንደሆነ ወደ ታች ይጠልቃል፣ ልጆቹም ምንም ሳያዩ ይመለሳሉ።

ደጋግሜ የማስጠነቅቅሽ ስለ ላይፍ ጃኬት ነው። አንድ ጊዜ የተከራየነው ጀልባ ላይ የነበረው የአዋቂ ብቻ ሆኖ ተገኘ። ልጄ ላይ ሲያደርጉላት አንገቷን አልፎ ወደ ላይ ይወጣል። ውኃ ውስጥ ብትወድቅ ጃኬቱ ይቀራል፣ ልጅቷ ትሰምጣለች። የዚያን ቀን ሳንሳፈር ተመለስን፤ የከፈልነው ቀብድ ቀረ። ስለዚህ በልጆቹ ኪሎ የሚሆን፣ በእግር መሃል የሚታሰር ማሰሪያ ያለው ጃኬት ከዚህ ይዛችሁ ሂዱ። የእኛ ልጆች ውኃ የሚያውቁት የድሬው ደቻቱ ወንዝ ሲሞላ ከዳር ሆነው በማየት ነው። ባሕር ሌላ ነገር ነው። እስከ ጥር ጊዜ ስላላችሁ ከአሁኑ መዋኛ ገንዳ ውሰዷቸው። ጎበዝ ዋናተኛ ይሁኑ ማለቴ አይደለም፤ በጀርባቸው ተንጋለው መንሳፈፍ ከቻሉና ውኃ አፍንጫቸው ሲገባ ካልደነገጡ ግማሹ አለቀ።

መንገዱ ቀላል ነው። የድሮው ባቡር ድሬ የደረሰው በ1895 ዓ.ም. ነው፤ ከተማችንም የቆመችው በእሱ ነው። አዲሱ ባቡር ደግሞ ከ2010 ዓ.ም. ጀምሮ ይሠራል። ጣቢያው ከከተማ ወጣ ያለ ስለሆነ ባጃጅ ወይም መኪና ከማታው ያዙ። ባቡሩ በየቀኑ ስለማይሄድ፣ ሰዓቱም ስለሚቀያየር፣ ሆቴል ከመያዛችሁ በፊት የጉዞውን ቀን ጣቢያው ሄዳችሁ አረጋግጡ። ጅቡቲ ናጋድ ጣቢያ ነው የሚያወርዳችሁ። በመንገድ ላይ ልጆቹን መስኮት በኩል አስቀምጪ። ከድንበሩ ከደወሌ ወዲያ አገሩ ድንጋይ ብቻ ይመስላል፤ ዓይን ሲለምድ ግን የሜዳ ፍየልም ዝንጀሮም ያያሉ።

ወረቀቱን አታዘግዩ። ለየልጁ የራሱ ፓስፖርት ያስፈልጋል። ለጅቡቲ ቪዛ ማውጣት አለባችሁ፣ በኢንተርኔት ማመልከት ይቻላል። የቢጫ ወባ ክትባት ካርድም ይጠየቃል፤ ካርዱ የሚጸናው ከተከተባችሁ ከ10 ቀን በኋላ ስለሆነ ለመጨረሻው ሳምንት አትተዉት። አባትየው የማይሄድ ከሆነ የስምምነት ደብዳቤ ይጻፍ።

ወባንም አትርሺ። ከተማ ውስጥ የምትራባው አዲሷ ትንኝ ጅቡቲም አለች፣ እኛም ጋ አለች። በ2014 ዓ.ም. ድሬ ውስጥ በበጋ ወባ የተነሳው በእሷ ነው። በርሜልና ታንከር ውስጥ ስለምትራባ «ዝናብ የለም፣ ወባ የለም» የሚለው አይሠራም። አጎበር ያዢ።

ማረፊያችሁ አንድ ቦታ ይሁን፣ ጅቡቲ ከተማ። በየቀኑ ሻንጣ እየጠቀለሉ መዞር ለአማትሽም ለልጆቹም ድካም ነው። ከተማዋ ውድ ናት፣ ደብቄ አልነግርሽም። ከሆቴል ሁለት ክፍል ይልቅ ኩሽናና ኤሲ ያለው አፓርታማ መከራየት ያዋጣል። ቁርስና እራት ቤት ትሠራላችሁ፣ ምሳ ውጪ። የየመን ዓሣውን ግን እንዳያመልጣችሁ። ዓሣውን ለሁለት ከፍተው፣ በርበሬ ነገር ቀብተው ምድጃ ውስጥ ይጠብሱታል፤ ከትልቅ ትኩስ ቂጣ ጋር ይመጣል። ለአምስት ሰው ሁለት ዓሣ ይበቃል።

ሰዓት ላይ ተጠንቀቁ። የሰዓት ለውጥ የለንም፣ ቆጠራው ግን ይለያል። ባለጀልባው «7 ሰዓት» ካለሽ የእኛ ጠዋት 1 ሰዓት ነው። ይህን ባለመጠየቅ ጀልባ ያመለጣቸው ቤተሰቦች አውቃለሁ። ዓርብና ቅዳሜ የእነሱ ዕረፍት ስለሆነ ባሕር ዳርቻውም ጀልባውም ይጨናነቃል፤ ለዌል ሻርኩ ከእሑድ እስከ ሐሙስ ያለውን ቀን ያዙ። ቀትር ላይ ሱቁ ሁሉ ይዘጋል፣ በእኛ ቆጠራ ወደ 10 ሰዓት ገደማ ነው የሚከፈተው። እናንተም ያን ጊዜ ልጆቹን አስተኙ። ባሕሩ ጠዋት ነው የሚረጋው።

የጀልባ ኪራይ ለአንድ ቤተሰብ ብቻ ከሆነ ይከብዳል። ከሌላ ቤተሰብ ጋር ተጋሩ። አፍ ሶማሊ የሚችል ሰው ካላችሁ እሱ ይደራደር፤ ድሬ ያደገ ሰው እዚያ ባዕድ አይደለም። የጅቡቲ ፍራንክ ከዶላር ጋር በቋሚ ዋጋ የታሰረ ነው፣ 1 ዶላር ወደ 177 ፍራንክ። ስለዚህ ወጪያችሁን ከዚሁ ሆናችሁ አስሉት።

ሌላ አንድ ቀን ለሙሻ ደሴት ስጡ። ከከተማው በጀልባ ቅርብ ነው። ጥልቀት በሌለው ውኃ ኮራልና ባለቀለም ዓሣ በውኃ መነጽር ያያሉ። የባሕር ጃርት የሚባል እሾሃም እንስሳ ስላለ ባዶ እግር አይሆንም። ጀርባቸው እንዳይቃጠል ልጆቹን እጅጌው ረጅም የሆነ ካናቴራ አልብሻቸው ይዋኙ።

ለየብስ አራዊት ዴካን የሚባል መጠለያ አለ፣ ከከተማው ብዙ አይርቅም። ከሕገ ወጥ ነጋዴ እጅ የተያዙ አቦ ሸማኔዎች እዚያ ያድጋሉ። ግልገሎቹ ከእኛ ቀጠና ተሰርቀው ወደ ዓረብ አገር ለቤት ማሳመሪያ የሚሸጡ ናቸው። ብዙዎቹ መንገድ ላይ ያልቃሉ። ይህን ለልጆቹ ንገሪያቸው፣ ይገባቸዋል። እኔ ከዚያ ጉዞ ሁሉ የበለጠ ዋጋ የምሰጠው ለዚህ ነው። እንስሳው ከአጥሩ ማዶ ቆሞ ሲያይሽ ዓይኑ ሥር ያለው ጥቁር መስመር እንደ ዕንባ ወርዶ ይታያል። በተወሰኑ ቀናት ብቻ ነው እንግዳ የሚቀበሉት፣ ቀድማችሁ ጠይቁ።

አሳል ሐይቅን በተመለከተ አማትሽን አስቢ። ከባሕር ወለል በታች 155 ሜትር ነው፣ በአፍሪካ ዝቅተኛው ቦታ። ውኃው ከባሕር ወደ 10 እጥፍ ጨዋማ ነው። ቦታው ድንቅ ነው፣ መንገዱ ግን ይረዝማል፣ ጥላም የለም። ጨው ቋጥኙ እንደ ተሰበረ ጠርሙስ ስለታም ስለሆነ ጫማ ሳይወልቅ ነው የሚገባው። ልጁ ጉልበቱ ላይ ትንሽ ጭረት ካለችው ውኃው ይለበልበዋል። ንጹሕ ውኃ በጀሪካን ጭናችሁ ሂዱ፣ ሲወጡ ይታጠባሉ። አማትሽ ግን ያን ቀን ከተማው ቢቀሩ ይሻላል። ማታ ማታ ሃራሙስ በሚባለው የከተማው ሰፈር በኩል ባሕሩ ሲሸሽ፣ ጭቃው ላይ ረጃጅም እግር ያላቸው ወፎች ይሰማራሉ። ወንበር ይዘሽላቸው ሂጂ። ክፍያ የለውም፣ ድካምም የለውም።

አሁን «የለም፣ የባለቤቴ ፈቃድ ክረምት ብቻ ነው» ካልሽ፣ ያኔ ሞምባሳ ይሻላል ያለሽ ሰው ትክክል ነው። ኬንያ ለእኛ ፓስፖርት ቪዛ አትጠይቅም። ሐምሌና ነሐሴ እዚያ ቀዝቀዝ ይላል፣ 28 ዲግሪ ገደማ። ከአዲስ አበባ በአውሮፕላን ሞምባሳ ትደርሳላችሁ፤ ለቤተሰብ የምመርጠው ከሊኮኒ ጀልባ ማዶ ያለውን ዲያኒ የሚባል ባሕር ዳርቻ ነው። በዚያ ወቅት ነፋሱ ስለሚበረታ የባሕር ሣር ዳርቻው ላይ ይከመራል፣ ውኃውም እንደ ፎቶው ጥርት አይልም። በምትኩ ግን ዓሣ ነባሪዎች በዚያ ባሕር የሚያልፉበት ወር ነው። ጉሬዛዎቹ ደግሞ ከዛፍ ወደ ዛፍ አስፋልቱን የሚሻገሩበት የገመድ ድልድይ ተሠርቶላቸዋል፤ ከታች መኪና ያልፋል፣ ከላይ እናት ልጇን አቅፋ ትሻገራለች። ለዝሆን ሺምባ ሂልስ ቅርብ ነው፣ በጠዋት ወጥታችሁ ማታ ትመለሳላችሁ። ወጪው የአውሮፕላን ቲኬቱ ላይ ነው፣ አምስት ሰው ሲባዛ ቀላል አይደለም።

የእኔን ምርጫ ከጠየቅሽኝ ጥርን ጠብቁና በባቡር ጅቡቲ ሂዱ። ልጆቹ ከቤታቸው ደጅ የግማሽ ቀን መንገድ ላይ ምን እንዳለ ይወቁ።

አማትሽ የደም ግፊት መድኃኒት የሚወስዱ ከሆነ ለመመለሻውም የሚበቃ ያዙ፣ እዚያ ዋጋው ሌላ ነው። ኦአርኤስም ከዚህ ያዢ። ላይፍ ጃኬቱን ገበያ ላይ ካጣሽ የእኛ ልጆች የጠበባቸው ሁለት አለ። ድሬ ሳቢያን ሰፈር ነው ቤታችን፣ የልጆቹን ኪሎ በውስጥ መስመር ላኪልኝና ይሆናቸው እንደሆነ አያለሁ።