ኤፍኤም2 ይዘው ዲጂታል ሊገዙ ላሰቡት ወንድሜ

«ዕድሜዬን ሙሉ በፊልም ነው የሠራሁት። ኒኮን ኤፍኤም2 እና ሦስት ሌንስ አለኝ፣ ልጆቼ ዲጂታል ግዛ ይሉኛል። የትኛውን ልግዛ? የድሮዎቹን ሌንሶችስ ልሽጣቸው?» ብለው ለጠየቁት ወንድሜ። ጥያቄዎን ሳነብ የራሴን ታሪክ ያነበብኩ ነው የመሰለኝ። እኔም ፒያሳ 31 ዓመት ፊልም ሳጥብ ኖሬ በ2009 ነው ወደ ዲጂታል የገባሁት። አገባቤ ግን ብዙ አስከፍሎኛል።

1. ሌንሶቹን አይሽጡ። የኒኮን «ኤፍ» የሚባለው ሌንስ መግጠሚያ ከ1959 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ቅርጹ አንድ ነው። የእርስዎዎቹ ኤፍኤም2 ላይ የሚሠሩ ከሆነ ስማቸው በ«ዲ» የሚጀምረው የኒኮን ዲጂታሎች ላይም ይገጥማሉ። መግጠምና መሥራት ግን ለየቅል ነው፤ እኔን ያስበላኝ ይኸው ነው።

2. ብር ከመክፈልዎ በፊት ሌንስዎን ይዘው ሱቅ ይሂዱ፣ እዚያው ገጥመው ያንሱ። እኔ ባዶ እጄን ሄድኩ። ቸርችል ጎዳና አካባቢ ከአንድ ሱቅ ዲ3200 በ18 ሺህ ብር ስገዛ «የድሮ ሌንሶቼ ይሠራሉ?» ብዬ ጠይቄያለሁ። «ኒኮን ኒኮን ነው አባባ፣ ሁሉም ይገባል» አለኝ ሻጩ። ቤቴ ሄጄ የድሮውን 50 ሚሜ ሌንሴን ስገጥመው እውነትም ገባ፤ ላይት ሜትሩ (ብርሃን ለኪው) ግን ጭራሽ አይሠራም። 85 ሚሜው አውቶ ፎከስ ሌንሴ ደግሞ ብርሃኑን ያነባል፣ ፎከሱ ግን አይንቀሳቀስም። የዚያ ሌንስ ሞተር ካሜራው ውስጥ መሆን ነበረበት፤ በዲ3000 እና በዲ5000 ዘር ውስጥ ደግሞ የለም። በማግስቱ ስመለስ ልጁ ዓይኑን ከስልኩ ሳያነሣ ግድግዳው ላይ ወደተለጠፈው «የተሸጠ ዕቃ አይመለስም» ጠቆመኝ። «ይሄ እኮ የእናንተ ዘመን ዕቃ አይደለም» ብሎ ጨመረበት። የሚሸጠውን የማያውቀው እሱ ሆኖ ሳለ የተሰደብኩት እኔ ነኝ። ዛሬም ድረስ ያንገበግበኛል።

ስለዚህ የሚፈልጉት ዲ7000፣ ዲ7100 ወይም ዲ7200 ነው፤ አቅም ካለ ዲ610 ወይም ዲ750። ያገለገለም ቢሆን ግድ የለም። ዲ7500 ቁጥሩ ከፍ ስላለ አዲሱ ይሻላል ይሉዎታል፣ አይስሙ። የሌንሱን የአፐርቸር (የብርሃን መግቢያ መጠን) ቀለበት የምታነበው ትንሿ ምላስ እሱ ላይ የለችም፣ ላይት ሜትሩ በድሮ የእጅ ፎከስ ሌንስ አይሠራም። አንድ ነገር ደግሞ ይወቁ፦ የ7000ዎቹ ሴንሰር ከፊልም ስለሚያንስ 28 ሚሜ ሌንስ እነሱ ላይ የሚያሳየው እንደ 42 ነው። ጠባብ ሳሎን ውስጥ ቤተሰብ ለማንሳት ጀርባዎ ግድግዳ እስኪነካ ይሸሻሉ። ሴንሰራቸው የፊልም ስፋት ያለው ፉል ፍሬሞቹ (610 እና 750) ይህ ጣጣ የለባቸውም።

3. ብርሃን። ላይት ሜትሩ ባይሠራም ምን ገዶኝ ብዬ ሥራ ጀመርኩ። ፀሐይ ላይ ኤፍ16፣ በ100 አይኤስኦ 1/125፤ ጥላ ውስጥ ስንት እንደሚከፈት ጣቴ ያውቀዋል። ኤፍኤም2 ያለ ባትሪም ይሠራል፤ እኔም ዓመታት ያለ ባትሪ ሠርቼበታለሁ፣ ደንበኛ አሳፍሬ አላውቅም። በዚህ ተማምኜ ጥር ላይ የአንድ ቤተሰብ መልስ ያዝኩ። ሙሽራዋን ከቀኑ 8 ሰዓት ጊዮን ግቢ ውስጥ አቆምኳት፤ ጠይም ፊት፣ ነጭ የሀገር ልብስ፣ ያ የጥር ፀሐይ። እንደለመድኩት ለፊቷ ብዬ ብርሃኑን ከፈት አደረግሁት። በኔጋቲቭ ልክ ነኝ፤ ኔጋቲቭ ትርፍ ብርሃን ይችላል፣ ነጩን ጨለማ ክፍል ውስጥ ሌላውን በእጄ ጋርጄ አወጣው ነበር። ስክሪኑን አልተመለከትኩም። በየመሐሉ ጎንበስ እያሉ ማየት ሥራውን የማያውቅ ሰው ነገር ይመስለኝ ነበር።

ፎቶው ታትሞ ሲሄድ ፊቷ ቆንጆ ነበር፣ ጥለቱም አለ። ቀሚሱና ነጠላው ግን ባዶ ወረቀት ሆነዋል። የሙሽራዋ እናት አልተቆጡኝም። ፎቶውን ወደ መስኮቱ አስጠግተው አዩና «ፈትሉ የታለ? እኔ እኮ ነኝ የፈተልኩት» አሉኝ። ክፍያውን መለስኩላቸው። ቃላቸው ግን ከ18 ሺሁ ይልቅ ከበደኝ።

ወንድሜ፣ ይህችን ይያዙልኝ፦ ዲጂታል ላይ ነጭ አንዴ ከተቃጠለ የሚመለስ ነገር የለም። ስላይድ ፊልም ሠርተው ከሆነ ጠባዩን ያውቁታል። ለነጠላው ይለኩ፣ ፊቱ ትንሽ ይጥቆር፤ በራው (RAW፣ ካሜራው ሳይጨምቅ በሚያስቀምጠው ሙሉ ፋይል) ካነሱ ፊቱን ኋላ ኮምፒውተር ላይ ያወጡታል። በጄፔግ ብቻ ካነሱ ግን ብዙ አይመለስልዎትም። የካሜራው ምርጫ (ሜኑ) ውስጥ ገብተው የተቃጠለውን ቦታ ብልጭ ድርግም እያደረገ የሚያሳየውን ያብሩት። ጥምቀት ለማንሳት ከወጡ ያለዚህ አይውጡ፣ ጃንሜዳ ሙሉው ነጭ ነው።

ሜሞሪም አለ። 64 ጊጋ ተብሎ ተጽፎበት ውስጡ 8 ብቻ የሆነ ይሸጣል። 8ቱ ከሞላ በኋላ ካሜራው ማንሳቱን ይቀጥላል፣ ቤት ሲከፍቱት ግን የለም። አዲስ ሲገዙ ሥራ ላይ ሳይውል ጢም አድርገው ሞልተው ሁሉንም ይክፈቱ።

ዲ3200ውን በ11 ሺህ ሸጥኩትና ያገለገለ ዲ7100 ገዛሁ። መጀመሪያ የሄድኩት እናትየው ቤት ነው። ልጅቷ ያንኑ ቀሚስ ለብሳ መስኮት አጠገብ ተቀመጠች፣ በዚያው በድሮው 50 አነሣኋት፣ ሳንቲም አልተቀበልኩም። ክሩ አንድ በአንድ ይቆጠራል። ሳሎናቸው ተሰቅሏል፤ ከሠራሁት ሁሉ የምኮራበት እሱ ነው።

ጨለማ ክፍሌ በ2016 ፒያሳ ሲፈርስ አብራ ሄዳለች፣ እኔ ግን ቅዳሜ ቅዳሜ ከሰዓት አራት ኪሎ አልጠፋም። በውስጥ መስመር ይጻፉልኝና ሦስቱንም ሌንሶች ይዘው ይምጡ፤ ዲ7100ው ላይ ገጥመን እንሞክራቸዋለን፣ ከዚያ በኋላ ይግዙ።