ለጋሲዮን ሰፈር ነው ወይስ መስሪያ ቤት?

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ አዘጋጆች፣ ከደብረ ብርሃን ነው የምጽፍላችሁ። እህቴ ጅዳ ነው ምትሰራው፣ በቀደም ፓስፖርቷን ልታሳድስ ቆንስላ ሄዳ ነበርና አባባ ለጎረቤት ሲያወሩ "ልጄ ለጋሲዮን ገብታ ወረቀቷን ጨረሰች" አሉ። እኔ ለጋሲዮን እኮ አዲስ አበባ ያለ ሰፈር ነው ብዬ ተከራከርኳቸው፣ ተቆጡኝ። ማናችን ነን ልክ? ደሞስ ቆንስላና ኤምባሲ ልዩነታቸው ምንድነው?

መልስ፦ እህቴ፣ አባትሽ ቃሉን አልሳቱትም፣ ዘመኑ ነው ያለፈበት። ለጋሲዮን ማለት የአንድ መንግስት ተወካይ ሌላ አገር የሚቀመጥበት ቢሮ ነው፣ ከኤምባሲ በደረጃ ዝቅ ይላል፣ አለቃውም አምባሳደር ሳይሆን ባለሙሉ ስልጣን ሚኒስትር ነበር የሚባለው። ድሮ አምባሳደር የሚላላኩት ትላልቆቹ መንግስታት ብቻ ስለነበሩ በምኒልክ ጊዜ ከአድዋ በኋላ አዲስ አበባ ላይ የከፈቱት እንግሊዝም ፈረንሳይም ጣሊያንም ለጋሲዮን ነው የከፈቱት፣ ፈረንሳዮቹ እንጦጦ ግርጌ ቦታ ተሰጣቸውና ሰፈሩ ፈረንሳይ ለጋሲዮን ተባለ። ከሁለተኛው የአለም ጦርነት በኋላ ለጋሲዮኖቹ ከፍ እያሉ ኤምባሲ ሆኑ፣ ቢሮው ስሙን ሲቀይር ሰፈሩ ግን እንደያዘው ቀረ። አንቺ የምታውቂው እሱን ነው።

እኔ ይሄን ቃል የምወደው በፍቺው ነው። ከላቲን የመጣ ሆኖ መነሻው "መላክ" ነው፣ የኛ ልዑክ ደሞ ከግዕዙ "ለአከ" ነው የወጣው፣ እሱም ላከ ማለት ነው፣ መልእክትና መልአክም ከዛው ናቸው። ዝምድና የላቸውም፣ ግን ሁለቱም ቋንቋ ለዚህ ስራ የመረጠው ያንኑ ሀሳብ ነው። ደሞ እናንተ አገር ለልዑክ እንግዳ አይደለም፣ እ.ኤ.አ በ1841 ካፒቴን ሃሪስ የሚባለው እንግሊዛዊ መድፍና ጠመንጃ ጭኖ አንኮበር ድረስ መጥቶ ከንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ጋር ውል ተፈራርሟል። የሱ ግን ለጋሲዮን አይባልም፣ ተልኮ የመጣ ቡድን እንጂ ቋሚ ቢሮ አልነበረማ።

ወደ እህትሽ ስንመጣ፣ ኤምባሲ የመንግስት ለመንግስት ነው፣ አንድ አገር ላይ አንድ ነው የሚኖረው፣ አብዛኛውን ጊዜም ዋና ከተማው ላይ። ቆንስላ የዜጋው ነው፣ ፓስፖርት ውክልና የልደት ወረቀት የታሰረ ሰው መጠየቅ የመሳሰለው፣ ዜጋ በበዛበት ከተማ ይከፈታል። ለዚህ ነው ሳኡዲ ላይ ኤምባሲያችን ሪያድ ሆኖ ጅዳ ቆንስላ ያለን፣ ኤሚሬትስም እንደዛው፣ አቡዳቢ ኤምባሲ ዱባይ ቆንስላ። ኤምባሲዎቹም ውስጥ የቆንስላ ክፍል አለ፣ ሪያድ አካባቢ ያለ ሰው ለፓስፖርት ብሎ ጅዳ ድረስ አይሄድም።

አንድ ነገር ልጨምር፣ ብዙ ሰው ያምታታዋል። ቆንስላ ቢሮው ነው፣ ሰውየው ቆንስል ነው። "ቆንስሉ ፈረመልኝ" ይባላል፣ "ቆንስላው ፈረመልኝ" ካልሽ ህንጻው ፈረመ ማለትሽ ነው። ለአባባ ደሞ ጅዳ ያለው ቆንስላ ነው ብለሽ ንገሪያቸው፣ ለጋሲዮን ሰፈር ብቻ ነው ማለትሽን ግን ይቅርታ ጠይቂያቸው።