«ማንኬ»፦ ማን ማንን ናፈቀ?

ለፈረንሳዊት ጓደኛሽ «ናፍቀሽኛል» ለማለት «ዠ ተ ማንክ» ብለሽ ጽፈሽ ለምን እንደሳቀችብሽ ለጠየቅሽው እህቴ፦ አይዞሽ፣ ሁላችንም እዚያ ወድቀናል። «ማንክ» የመጣው «ማንኬ» ከሚለው የፈረንሳይኛ ግስ ነው፤ በእሷ ጆሮ ያልሻት «ናፍቄሻለሁ» ነው፣ ናፋቂዋ እሷ ሆነች።

እኔ ሊዮን በመጣሁ ሰሞን የማግዛቸው አንዲት አሮጊት ነበሩ። ለአንድ ወር ልጃቸው ጋ ሄዱና «ዠ ቩ ማንክ» ብዬ ጻፍኩላቸው። «አዎ ልጄ፣ በጣም!» ብለው መለሱልኝ። እኔም መልእክቱን ለሰው ሁሉ እያሳየሁ ስኮራ ከረምኩ። ምን እንዳልኳቸው የገባኝ ከስንት ጊዜ በኋላ!

ጥፋቱ የእንግሊዝኛ ነው። እዚያ የግሱ ባለቤት ናፋቂው ነው፤ እኛ ደግሞ ቀድመን የተማርነው እሱን ስለሆነ ሳናስበው ይቀድመናል። ተይውና በአማርኛ አስቢ። «ናፈቅሽኝ» ስትይ ባለቤቷ አንቺ ነሽ፣ «ኝ» እኔ ነኝ። «ቱ መ ማንክ» ቁርጥ እሱ ነው፤ «ቱ» አንቺ፣ «መ» እኔን።

ባቡር ላይ ስትደርሺ ግን አማርኛውም አያዋጣሽም። እኛ «ባቡሩ አመለጠኝ» እንላለን፤ አምላጩ ባቡሩ ነው። ፈረንሳይ «ዤ ማንኬ ለ ትራን» ብሎ ጥፋቱን ራሱ ይወስዳል። (መንገድ ላይ ግን በ«ማንኬ» ፈንታ ያንኑ የሚለውን ሌላ ግስ፣ «ራቴ»ን ነው አብዝተሽ የምትሰሚው።)

«ማንኬ» ወደ ፈረንሳይኛ የገባው ከጣልያንኛው «ማንካሬ» ነው። የዚያ ሥር ደግሞ የላቲኑ «ማንኩስ»፤ እጁ የሰለለ ወይም የጎደለ ማለት ነው። እኛ ገንዘብ ሲያንሰን «እጅ አጠረኝ» እንል የለ? ይሄን ካወቅሁ ወዲህ «ማንኬ ዳርዣን»፣ ገንዘብ ማጠር፣ ጠፍቶብኝ አያውቅም። ምግብ ቀምሰሽ ጨው ካነሰውም «ሳ ማንክ ደ ሴል» ነው፤ ጨው ይጎድለዋል።

ተጠንቀቂ፣ «ዤ ማንኬ ደ ቶምቤ» ያለሽ ሰው አልወደቀም። ለጥቂት ተርፏል፣ «ልወድቅ ነበር» ማለቱ ነው። ቃል የሚያጥፍ ሰውም በዚሁ ግስ ይነገርበታል፤ «ማንኬ ኣ ሳ ፓሮል»።

የኔ ምርጥ ግን «ኢል ነ ማንኬ ፕሉ ከ ሳ!» ናት። የኛዋ «ይሄ ነበር የቀረን!» ማለት ነው። መጀመሪያ የሰማኋት ከእኚሁ አሮጊት ነው። ሊፍቱ ተበላሽቶ በደረጃ ስንወጣ ሦስተኛው ፎቅ ላይ የድንቹ ፌስታል ተቀደደ። ድንቹ እስከ ምድር ቤት ተንከባለለ።